ማስተካከያ፦ የታንክ አዛዡ ዲሚትሪ ላቭሪኔንኮ

ስለ ሶቪየቱ ታንክ አዛዥ ዲሚትሪ ላቭሪኔንኮ ቀደም ሲል በወጣው መረጃ፣ በቲ-34-85 ታንክ ይዋጋ እንደነበር፣ ታንኩ ውስጥ ተቃጥሎ እንደሞተና የሶቪየት ኅብረት ጀግና የተባለው በ1941 እ.ኤ.አ. እንደሆነ ተጽፏል። ሦስቱም ትክክል አይደሉም።

ቲ-34-85 ግንባር የደረሰው በ1944 ነው። ላቭሪኔንኮ የተዋጋበት 76.2 ሚሊሜትር መድፍ ያለው የቀድሞው ቲ-34 ነበር። ልዩነቱ ትልቅ ነው። በኋላኛው ሠራተኞቹ 5 ሆነው መድፉን የሚያነጣጥር ራሱን የቻለ ተኳሽ ነበር፤ በቀድሞው ግን 4 ብቻ ስለነበሩ አዛዡ ራሱ አነጣጥሮ ይተኩሳል፣ ሾፌሩን ያዛል፣ በሥሩ ያሉትን ታንኮችም ይመራል። ዓይኑ ማነጣጠሪያው ላይ ሳለ ከጎን የሚመጣው አይታየውም። በሩሲያዋ ምጼንስክ ከተማ አካባቢ በጥቅምት 1941 ላቭሪኔንኮ የነበረበት፣ በካቱኮቭ የሚመራው የታንክ ብርጌድ ከደፈጣ መተኮሱና ቦታ መቀያየሩ ይህንን ድክመት ያካክስ ነበር፤ የላቭሪኔንኮ ችሎታ ሊመዘን የሚገባው በዚህ ሁኔታ ውስጥ ነው።

የሞተው ታኅሣሥ 18 ቀን 1941፣ በቮሎኮላምስክ አቅጣጫ ጎርዩኒ መንደር አጠገብ ነው። 52ኛውን የጀርመን ታንክ ከመታ በኋላ ለአለቃው ሪፖርት ሊያደርግ ከታንኩ ወርዶ ሳለ የሞርታር ፍንጣሪ ገደለው። 52 የሚለው ቁጥር በ28 ውጊያዎች የተመዘገበለት የሶቪየት ቆጠራ ነው።

የጀግንነት ማዕረጉ የተሰጠው ግንቦት 5 ቀን 1990 ነው። ቀኖቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።