የጨረታው ሣጥን ተከፍቷል፣ ውሉ ግን እንደተዘጋ ነው

ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ባሉት መሥሪያ ቤቶች ውስጥ አንድ የግዥ ኮሚቴ በአንድ ቃለ ጉባኤ የሚያንቀሳቅሰው ገንዘብ፣ አንድ ነጋዴ ዕድሜ ልኩን ለፍቶ ከሚያገኘው ሊበልጥ ይችላል። ስለ ሙስና ስንነጋገር ግን ዐይናችን የሚያርፈው በጉቦው መጠንና በተቀባዩ ማንነት ላይ ነው። በእኔ እምነት ከባዱ ኪሳራ የሚደርሰው ጉቦው ከተከፈለ በኋላ፣ ማንም በማያየው የውል ዘመን ውስጥ ነው።

አንድ ተቋራጭ የ100 ሚሊዮን ብር የመንገድ ሥራ ለማግኘት 10 ሚሊዮን ብር ከፈለ እንበል። ገንዘቡ ወደ ውጭ ካልሸሸ በስተቀር ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ዞረ እንጂ ከአገሪቱ አልጠፋም። ተቋራጩ ግን የከፈለውን ማስመለስ ስላለበት የጠጠሩን ንጣፍ ያሳሳል፣ ሲሚንቶ ይቀንሳል፣ ተቆጣጣሪው መሐንዲስ ዝም እንዲልም ሌላ ይከፍላል። ከሁለት ክረምት በኋላ መንገዱ ሲቦረቦር፣ የጥገናው፣ የተሽከርካሪው ብልሽትና በየመንገዱ የባከነው ሰዓት ዋጋ ተደምሮ ከጉቦው ሊልቅ ይችላል። ሥራውን በአግባቡ ሊሠራ ይችል የነበረው ሌላ ተቋራጭ ደግሞ ተስፋ ቆርጦ የጨረታ ሰነድ መግዛቱን ይተዋል። ስድስት የነበሩት ተጫራቾች ሁለት ሲቀሩና ሁለቱም ተመካክረው ሲገቡ፣ በዚያኛው ጨረታ ጉቦ ባይኖር እንኳ ዋጋው ይንራል። ይህን ጉዳት የሚመዘግብ ኦዲተር የለም፤ ያልተወዳደረ ሰው ፊርማ አይተውምና።

ኢኮኖሚስቷ አን ክሩገር እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች የማስመጫ ፈቃድ ለማግኘት ሲሻሙ የሚያባክኑት ጉልበትና ሀብት ራሱን የቻለ ኪሳራ መሆኑን አሳይተዋል። ከቢሮ ቢሮ እየዞረ ለደንበኛው ደጅ የሚጠና ጉዳይ አስፈጻሚ ባለበት ከተማ ይህን ለመረዳት አንቸገርም። አሜሪካ ሎቢስትነትን፣ ማለትም ለደንበኛ ተከፍሎ ባለሥልጣናትን የማግባባት ሥራን፣ አላገደችም፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣችው ሕግ ግን ሎቢስቱ እንዲመዘገብ፣ ለማን እንደሚሠራና ምን ያህል እንደሚከፈለው እንዲያሳውቅ አስገድዳለች።

ኅዳር 2011 ዓ.ም. የወቅቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ፣ የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ከውጭ የፈጸመው ወደ 37 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ ግዥ ያለ ጨረታ መካሄዱን በይፋ ገልጸው ነበር። ያኔ አገር ሁሉ የተነጋገረው ማን ታሰረ በሚለው ነበር። ያን ያህል ገንዘብ ለዓመታት ሲወጣ አንድ ዜጋ ውሉን ጠይቆ ሊያነብ ያልቻለው ለምንድን ነው የሚለው ጥያቄ የሚገባውን ያህል አልተነሣም።

በ2014 ዓ.ም. በጥቂት ተቋማት የተጀመረው የኤሌክትሮኒክ የመንግሥት ግዥ ሥርዓት ሊመሰገን ይገባዋል። ተጫራቹ ከባለሥልጣን ጋር ሳይገናኝ ሰነድ ማግኘቱና ዋጋውን በኮምፒዩተር ማስገባቱ ቀላል ለውጥ አይደለም። ነገር ግን ብልጥ ተጫራች ዝቅተኛ ዋጋ ሰጥቶ ያሸንፍና ከተፈራረመ በኋላ በተጨማሪ ሥራ፣ በዋጋ ማስተካከያና በጊዜ ማራዘሚያ ስም የፈለገውን ይጨምራል። ዝርዝር መግለጫውም አስቀድሞ ለአንድ ድርጅት ዕቃ ተለክቶ ከተጻፈ፣ ሥርዓቱ የሚያስተናግደው አስቀድሞ የተወሰነ ውድድር ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱ ከፍተኛ ውል ከነማሻሻያዎቹና ከነክፍያዎቹ፣ ከድርጅቱ እውነተኛ ባለቤቶች ስም ጋር ለሕዝብ ይፋ ይሁን። የንግድ ምስጢር ይወጣል የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ የአመራረት ዘዴውን መሸፈን ይቻላል፣ በግብር ከፋዩ ገንዘብ የተከፈለ ዋጋ ግን የከፋዩ ጉዳይ ነው። ይፋ ማድረጉ ደግሞ ምርመራ ካልተከተለው አይበቃም። ኢኮኖሚስቱ ቤንጃሚን ኦልከን ከ600 በላይ በሚሆኑ የኢንዶኔዥያ መንደሮች ባካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ መሐንዲሶች የተሠራውን መንገድ እየቆፈሩ በውስጡ ያለውን ቁሳቁስ ለክተዋል። ኦዲት እንደማይቀርላቸው በተነገራቸው መንደሮች የገባበት ያልታወቀው ወጪ በ8 የመቶኛ ነጥብ ያህል ቀንሷል፤ ነዋሪውን በብዛት ለስብሰባ መጥራት ግን በአማካይ ያመጣው ለውጥ አነስተኛ ነበር። በአዲስ አበባም ርክክብ ከመፈጸሙ በፊት፣ ከአሠሪውም ከተቋራጩም ያልሆነ መሐንዲስ በዕጣ የተመረጡ መንገዶችን ቆፍሮ ይለካ፤ ውጤቱም ከውሉ ጎን ይለጠፍ።