ማተሚያው ወንዝ ሲገባ ቆመው ያዩ

ወገኖቼ፣ ተናድጄ ነው የምጽፈው። እዚህ አሜሪካ ለምንኖር፣ ዜግነት ስንወስድ እጃችንን አንስተን ለማልን ሁሉ።

ጄምስ በርኒ የሚባል ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1792 ኬንታኪ ተወለደ። ጠበቃ ነበር፣ ባሪያም አሳድሯል። በኋላ ሕሊናው አላስተኛ ሲለው በ1834 ባሮቹን ነጻ አወጣ። ጥብቅናውን ትቶ በ1836 ኦሃዮ ውስጥ «ፊላንትሮፒስት» የሚል ፀረ ባርነት ጋዜጣ ጀመረ።

እኔ ይቅር ማለት ያቃተኝ የዚያን ዓመት ጁላይ ነው። ሲንሲናቲ ከተማ፣ በ12ኛው ቀን እኩለ ሌሊት ላይ የጋዜጣው ጠላቶች ማተሚያ ቤቱን ሰብረው ገቡ። ወረቀቱን ቀደዱ፣ መሣሪያውን ፈታቱት። ተጠገነና ሥራው ቀጠለ። ከዚያ የከተማው ትልልቅ ሰዎች፣ ከባሪያ አሳዳሪው ደቡብ ጋር ንግዳቸው እንዳይቀዘቅዝ የሰጉት፣ በግልጽ ተሰብስበው ጋዜጣው ይቁም አሉ። ጁላይ 30 ማታ እንደገና መጡ። የእርሳስ ፊደሎቹን መንገድ ላይ በተኗቸው። ማተሚያውን እየጎተቱ ወስደው ኦሃዮ ወንዝ ውስጥ ወረወሩት። በርኒን ፈልገው ሲያጡት ወደ ጥቁሮች ሰፈር ዞረው ቤት ሰባበሩ። ከንቲባው እዚያው ነበር! ለአንድ ሌሊት ይበቃል ብሎ አሰናበታቸው።

ሰባሪዎቹን ለጊዜው ተዋቸው። ቆመው ያዩትስ? ሳልመን ቼዝ የሚባል የ28 ዓመት ጠበቃ ብቻ በርኒን ሊፈልጉ በመጡበት ሆቴል በር ላይ ቆሞ አላሳልፍም አለ። በዚያ ሁሉ ከተማ!

ግን እኔስ ማን ነኝ? ባለፈው በማኅበራችን ስብሰባ አንድ ሰው ስለ ገንዘቡ ሒሳብ ጠየቀ። ማይኩን ከእጁ ነጠቁት። «ረባሽ!» ተባለ። ማይኩ ወለሉ ላይ ወድቆ ሲያፏጭ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። እኔ ያኔ የቡናዬን ስኳር እያማሰልኩ ነበር። እናንተም ነበራችሁ። ማታ በስልክ «እውነቱን እኮ ነው» የተባባልነው ስንቶቻችን ነን? አፈርኩ። ሰውየው ጃኬቱን አንስቶ ብቻውን ሲወጣ በሩን እንኳ የያዘለት አልነበረም።

የበርኒ ጋዜጣ ከወንዙ በኋላም ታተመ። በርኒ ራሱ አብያተ ክርስቲያናቱንም አልማራቸውም፤ የባርነት ምሽግ ናችሁ ብሎ በ1840 ጻፈባቸው።

እሑድ ደግሞ ስብሰባ አለ። ያ ሰው ይምጣ አይምጣ አላውቅም፤ እኔ ብሆን አልመጣም ነበር። ከመጣ ግን አጠገቡ እቀመጣለሁ። እባካችሁ፣ እናንተም ወንበራችሁን ጠጋ አድርጉ።