ላልነካ መቀጮ፣ ለነካ እስር

ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ሌሊት ላይ አንድ የተገጨ ሰው ከመንገድ ዳር አንስተን በላዳ ታክሲ ወደ ሆስፒታል ይዘን በረርን። የገጨው መኪና አልቆመም። ጭንቅላቱን በጃኬቴ ደግፌዋለሁ፤ ሲተነፍስ ከጉሮሮው ውሃ የሚፈላ የሚመስል ድምፅ ይሰማል። በሩ ላይ ስንደርስ ጥበቃው ባትሪውን ወደ ውስጥ አበራና «አልጋ የለም፣ ሌላ ቦታ ውሰዱት» አለን። ስንጮህ አንዲት ነርስ ወጣች። በመስኮቱ ጎንበስ ብላ አየችው። እጇን ወደ አንገቱ ዘርግታ ሳትነካው መልሳ ሰበሰበችው። «ወንድሜ፣ እኛ ከነካነው እኛ ላይ ነው የሚመጣው» አለችኝ በለሆሳስ።

ሁለተኛው ሆስፒታል ተቀበለን፤ ሰውዬውም ተረፈ። የላዳው ሾፌር ግን «የገጨኸው አንተ አይደለህም ወይ?» እየተባለ ፖሊስ ጣቢያ አደረ።

ነርሷን ለረጅም ጊዜ ተቀይሜያት ነበር። በኋላ የወንጀል ሕጉን ስገልጥ ግን የተናገረችው ነገር ስሌት እንዳለው ገባኝ። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 537 በብርቱ ችግር ላይ ላለ ሰው ያለ በቂ ምክንያት የሙያ አገልግሎቱን የነፈገ ሐኪም፣ ነርስ ወይም አዋላጅ የሚደርስበትን ይናገራል። የሚደርስበት መቀጮ ነው፤ ጥፋቱን ከደገመ ደግሞ አጭር ቀላል እስራት። አንቀጽ 543ን ይመልከቱ። በቸልተኝነት ሰው የገደለው ሰው የሌላውን ሕይወትና ጤና የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ከሆነ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ቀላል እስራት፣ ከ3,000 እስከ 6,000 ብር መቀጮም ይጠብቀዋል። እንግዲህ ሌሊት በስምንት ሰዓት ብቻዋን ተረኛ የሆነች ነርስ በሁለቱ መካከል ስትቆም የትኛውን ትመርጣለች?

የሕግ ባልደረቦቼ እዚህ ላይ ይቆጡኛል። አንደኛ፣ አንቀጽ 575 በአደጋ ላይ ያለን ሰው መርዳት እየቻለ የተወን ማንኛውንም ሰው ይቀጣል፤ የሙያ ግዴታ ላለበት ደግሞ ቅጣቱ ይከብዳል። ሁለተኛ፣ ግዴታ ያለበት ሰው ባለመሥራቱ ሌላው ከሞተ 543ም ይሠራበታል። ሦስተኛ፣ የሙያውን ደንብ ተከትሎ የሠራና ከባድ ጥፋት ያላጠፋ ባለሙያን ሕጉ ራሱ ይከላከልለታል። ሦስቱም እውነት ናቸው፤ በወረቀት ላይ። ችግሩ ማስረጃ ላይ ነው። በሽተኛውን የተቀበለ ሰው የሕክምና መዝገቡ (ቻርቱ) ላይ ስሙ፣ ሰዓቱ፣ የሰጠው መድኃኒትና ፊርማው አለ። በር ላይ የመለሰ ሰው ምን አለው? ዐቃቤ ሕጉ የሚይዘው የተጻፈውን ነው፤ የተጻፈው ደግሞ የነካው ሰው ስም ብቻ ነው።

በፍትሐ ብሔሩም ያው ነው። የ1952ቱ ሕግ አንቀጽ 2651 የሕክምና ድርጅቱ በሐኪሞቹም በረዳት ሠራተኞቹም ጥፋት በሽተኛው ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ጥሩ አንቀጽ ነው፤ ዕዳውን ከግለሰቧ ትከሻ ወደ ተቋሙ ያነሳል። ግን የተቀመጠው ስለ ሕክምና ውል በሚናገረው ክፍል ውስጥ ነው። ካርድ ያላወጣ፣ በር ያላለፈ ሰው «በሽተኛ» ሆኗል ወይ? የሆስፒታሉ ጠበቃ መጀመሪያ የሚይዘው ይህንን ቀዳዳ ነው። ከሳሹም ከውል ውጭ ኃላፊነት ወደሚለው ተሻግሮ ጥፋቱን እንደ አዲስ ማስረዳት ሊኖርበት ነው።

ደግሞ ማን ነው በር ላይ የቆመው? ጥበቃ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ካርድ ክፍል፣ ከካርድ ክፍል ቀጥሎ ገንዘብ ተቀባይ። የሙያ ፈቃድ ያለው ሰው እስኪገኝ ድረስ ውሳኔው ብዙ ጊዜ አልቋል። አንቀጽ 537 ስለ ባለሙያ የሚናገር በመሆኑ ጥበቃውን አይነካውም። «አልጋ የለም በል» ብሎ ያዘዘውን ሥራ አስኪያጅም አያገኘውም።

አምቡላንሱስ? ወደ 907 ወይም ወደ 939 ደውለን ሲመጣልን እሰየው እንላለን። በየወረዳው ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሾፌሩ ብቻውን ነው። ምጥ የያዛት ሴት ከኋላ ከእህቷ ጋር ናት፤ ኦክስጅኑ ባዶ ሊሆን ይችላል። የሚገርመኝ አንቀጽ 543 የሙያ ግዴታ ያለበትን ሰው በምሳሌ ሲጠራ ሐኪምንና ሾፌርን አጎራብቶ ነው። አምቡላንስ ውስጥ ሁለቱ ግዴታዎች አንድ ሰው ላይ ይወድቃሉ፤ የሠለጠነው ግን ለመሪው ብቻ ነው። መንገድ ላይ እናቲቱ ብትሞት ዱላው የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ያለ ባለሙያ የላከው ቢሮ ስሙ አይነሳም።

የመኪና አደጋ ሲሆን ሌላ ሕግም አለን። የሦስተኛ ወገን የመድን አዋጅ 799/2005 በተሽከርካሪ የተጎዳ ማንኛውም ሰው አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ ይደነግጋል፤ የገጨው ቢያመልጥ እንኳ የመድን ፈንድ አለ። አዋጁ ሲወጣ ለሕክምናው ወጪ የጻፈው ጣሪያ 2,000 ብር ነበር። ይህ ገንዘብ ዛሬ በግል ሆስፒታል ለአንድ ሲቲ ስካን ይበቃል የሚል ካለ ደረሰኙን ያሳየኝ። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ አዋጁን ባያነበውም ሒሳቡን ያውቀዋል።

በጳውሎስ ሆስፒታል ሥር ያለው የድንገተኛ ሕክምና ማዕከል ስሙ «አቤት» ነው። ስሙን ያወጣለትን ሰው አመሰግነዋለሁ፤ ሲጠሩት የሚመልስ ማለት ነው። ሁሉም ሆስፒታል አቤት ይሁን ማለቴ አይደለም፤ አልጋ በእርግጥ የሚጠፋበት ሌሊት አለ። ነገር ግን አልጋ ባይኖርም የትንፋሽ መተላለፊያውን መክፈት፣ ደሙን ማቆም፣ አንገቱን እንዳይንቀሳቀስ መደገፍ፣ ከዚያም ወደ ተቀባዩ ሆስፒታል ደውሎ በሪፈር መላክ ይቻላል። ለዚህ ወለሉ ይበቃል።

ስለዚህ የምጠይቀው የነርሷን ቅጣት ማክበድ አይደለም። ይህን ያደረግን ቀን ይበልጥ ትሸሻለች። የአንቀጽ 537 ዋና ተጠያቂ ተቋሙ ይሁን፤ መቀጮውም ከገቢው አንጻር የሚሰማው ይሁን። በቅን ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ የሰጠ ባለሙያ ላይ ፖሊስ እጁን ከማንሳቱ በፊት የሙያ አስተያየት ይቅረብ። ያለ ባለሙያ አምቡላንስ ያሰማራ ቢሮ ይጠየቅ። በየድንገተኛ ክፍሉ በር ላይ ደግሞ አንድ መዝገብ ይቀመጥ፤ ማን መጣ፣ ስንት ሰዓት፣ ማን መለሰው፣ ለምን። የመለሰውም ይፈርምበት።

የዚያን ሌሊት እኛ ስንት ሰዓት ላይ እንደተመለስን የሚያሳይ አንድም ወረቀት የለም። የላዳዋን ታርጋ የመዘገበው ፖሊስ ጣቢያው ብቻ ነው።