ደረጃው አገልግሎቱን አይለካም

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ በማኅበረሰብ አገልግሎት ትምህርት (ተማሪው ማኅበረሰቡን እያገለገለ በሚማርበት ዘዴ) ጎበዝ የሆኑትን የአሜሪካ ኮሌጆች የዘረዘረው ኮሌጆችን በየዓመቱ ደረጃ የሚያወጣላቸውን የአሜሪካ የዜና ድርጅት የዩ.ኤስ. ኒውስን ደረጃ ይዞ ነው። ግን ደረጃው እንዴት እንደሚወጣ ወላጆች ይወቁት። ለኮሌጅ ፕሬዝዳንቶችና ዲኖች መጠይቅ ይላካል፣ እነሱም ጥሩ ናቸው የሚሏቸውን ሌሎች ኮሌጆች ይጠቁማሉ። በቃ! ተማሪው ስንት ሰዓት እንዳገለገለ፣ የሰፈሩ ሰው ምን እንዳገኘ አይቆጠርም። ስም ያለው ስሙ ይጠራል።

የዋሽንግተን መንዝሊ መጽሔት ደረጃ ይሻለኛል፤ እንደ ፒስ ኮር (በጎ ፈቃደኞችን ወደ ውጭ አገር የሚልክ የአሜሪካ መንግሥት ፕሮግራም) ባሉ አገልግሎቶች የተሰማሩ ምሩቃንን ጭምር ይቆጥራል። የኒው ኦርሊንሱን ቱሌን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የማከብረው በደረጃው አይደለም። በ2005 እ.ኤ.አ. ካትሪና የተባለችው አውሎ ነፋስ ከተማዋን ካጥለቀለቀች በኋላ አገልግሎትን ለመመረቅ ግዴታ አድርጎታል።

እኛም እኮ ይህን እናውቀዋለን። በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ማብቂያ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳይመረቅ አንድ ዓመት ከአዲስ አበባ ወጥቶ ያገለግል ነበር፣ አብዛኛውም በአስተማሪነት። ጅማ ዩኒቨርሲቲም ተማሪዎቹን ማኅበረሰቡ ውስጥ እያሰማራ ሲያስተምር ኖሯል።

ልጄ ዘንድሮ ኮሌጅ እየመረጠች ነው። ካምፓስ ስንጎበኝ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ አገልግሎቱ ከትምህርቱ ጋር ተያይዞ ክሬዲት አለው ወይስ ቅዳሜ ቅዳሜ ቆሻሻ ማንሳት ብቻ ነው?