ግልጽ ደብዳቤ ለቤቴ ሆብጎብሊን

ቀን፦ የግራ እግር ካልሲዬ በጠፋ በሦስተኛው ቀን
ለ፦ ክቡር ሆብጎብሊን፣ ከልብስ ማጠቢያው ማሽን ጀርባ፣ ዮርክሻየር፣ እንግሊዝ
ጉዳዩ፦ ቁልፍ፣ ካልሲና የስልክ ቻርጀር እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው፣ በእንግሊዞች ተረት ቤት ውስጥ የሚኖር ተንኮለኛ ፍጡር የሆኑት ክቡርነትዎ፣ እኔ በምከራየው ቤት ያለ ውል፣ ያለ ኪራይ፣ ያለ መብራት መዋጮ መኖር ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሆኖዎታል። አንቱታው እዚህ ላይ ይብቃን። ለደብዳቤው ወግ ብዬ ነው። ካልሲ የሚሰርቅ ፍጡር አንቱ አይባልም።

የሰሞኑን ላስታውስህ። ለሥራ ልወጣ ስል ቁልፉ የለም። ማታ በገዛ እጄ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬዋለሁ። ኪሴን ዳበስኩ። ሶፋውን ገለበጥኩ። ማቀዝቀዣውንም ከፈትኩ፤ ሰው ሲጨንቀው ማቀዝቀዣ ይከፍታል፣ አትሳቅ። አውቶቡሱ አመለጠኝ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ቁልፉ ተገኘ። የት? ጠረጴዛው ላይ። ሦስቴ ያየሁት ቦታ ላይ፣ ቁጭ ብሎ።

አዲስ አበባ እናቴ ጋ ደወልኩ። «ሰላቢ ነው» አለች ሳታመነታ። ሰላቢ የሰው ቅቤና እህል ነው የሚሰልበው፣ ካልሲ ምን ያደርግለታል ብዬ ተከራከርኳት። «እዚያ ቅቤ ከየት ያምጣ? ያገኘውን ነዋ!» ዕጣን አጭስበት አለችኝ። አጨስኩ። የጭስ ማስጠንቀቂያው አበደ። ጎረቤቶቼ በፒጃማ ወደ ደጅ ወጡ። አንተ ብቻ አልወጣህም።

ያኔ ነው ማን እንደሆንክ ላጣራ የተነሳሁት። ፋይልህ ወፍራም ነው።

ከስምህ ልጀምር። «ሆብ» የሮበርት ወይም የሮቢን ቁልምጫ ነው። «ጎብሊን» ደግሞ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው። ሲገጣጠም «አቤዋ ጋኔን» እንደማለት ነው። ሌላው መጠሪያህ ሮቢን ጉድፌሎ ነው፤ «ደጉ ሰው ሮቢን» እንደማለት። ደግ ስለሆንክ እንዳይመስልህ። እኛም ጅብን «አያ ጅቦ» እንላለን።

ሼክስፒር በ1590ዎቹ በጻፈው የበጋ ሌሊት ሕልም ተውኔት ላይ ክስህ ተዘርዝሯል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፤ አንተ ጳጉሜን አታውቅም።) እዚያ ስምህ ፐክ ነው። የወተቱን ስልባቦት ትገፍፋለህ። ሴትዮዋ ትንፋሿ እስኪያጥር ብትንጥ ቅቤ እንዳይወጣላት ታደርጋለህ። መጠጡ እንዳይፈላ ታበላሻለህ። በሌሊት መንገደኛ ታሳስትና ትስቃለህ። አሮጊቷ አሳዛኝ ወግ ስታወጋ በርጩማ መስለህ ትጠብቃታለህ፤ ልትቀመጥ ስትል ሾልከህ ከመሬት ትጥላታለህ። ቅቤውን ልብ በል። እናቴ ሼክስፒርን ገልጣ አታውቅም፤ ግን በስልክ፣ ሽንኩርት እየከተፈች፣ በአንድ ቃል ደረሰችበት።

እስከዚህ ድረስ ምንም አልገረመኝም። የገረመኝ ሌላው ግማሽህ ነው። አንተ ለካ ሠራተኛ ነበርክ! እዚሁ ዮርክሻየር፣ ግሌዝዴል በሚባል አካባቢ፣ ሃርት ሆል በተባለ እርሻ ላይ አንድ ሆብ፣ ማለትም ያንተው ዓይነት ፍጡር፣ ነበር። ሌሊት ሌሊት እህል ይወቃል። ድርቆሽ የጫነ ጋሪ ድንጋይ ውስጥ ተቀርቅሮ የሰው ጉልበት ሲያቅተው፣ ሰው ሲተኛ ብቻውን አውጥቶ እቤት ያደርሰዋል። ደሞዝ የለ፣ ምስጋና የለ። አንድ ሌሊት አጮልቀው ቢያዩት ጠጉራም፣ ቡናማ፣ ራቁቱን የሆነ ትንሽ ሰውዬ ነው። አዘኑለት። ሸሚዝ ሰፍተው ከነመቀነቱ አስቀመጡለት። ሸሚዙን አነሳ፣ ዳሰሰ፣ ጨርቁ ሻካራ ሆነበት። «ለሆብ የሚገባው ይሄ ሻካራ ከሆነ፣ ከእንግዲህ አልወቃም» ብሎ ገጥሞ ሄደ። በዚያው ቀረ።

እስኪ አሁን ይሄ ያስኮርፋል? ራቁቱን ስንት ዘመን በነጻ የሠራ ሰው በጨርቅ ጥራት ይሄዳል? አኩራፊ ምሳው ራቱ ይሆናል ይባላል። ያንተ ግን ምሳም ራትም የኔ ካልሲ ሆነ።

ራንስዊክ ቤይ የሚባለው የባሕር ዳርቻም አለ። እዚያ የሆብ ዋሻ ነበር። ልጆቻቸው ትክትክ የያዛቸው እናቶች ዋሻው ደጃፍ ቆመው «ልጄን ትክትክ ይዞታል፣ ውሰድለት፣ ውሰድለት» እያሉ ይለምኑህ ነበር። ሐኪም ነበርክ ማለት ነው። ዘንድሮ ክረምት ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳስል የት ነበርክ? የሳል ሽሮፑን ማንኪያ ደብቀህ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥራውን ለቀቅክ፣ ተንኮሉን ግን ይዘህ ቀረህ። ሌላ ሰው ሥራ ሲለቅ መታወቂያና ቁልፍ ያስረክባል። አንተ የኔን ቁልፍ ትወስዳለህ።

ያም ሆኖ ማዕረግህ ማደጉን አላቆመም። ካርል ማርክስና ኤንግልስ በ1848 ያወጡትን የኮሚኒስት ማኒፌስቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰችው ሔለን ማክፋርሌን ነበረች፤ በ1850። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ በአውሮፓ ምድር የሚንጎራደደውን አስፈሪ ነገር ምን ብላ ጠራችው? ሆብጎብሊን! የ1888ቱ ትርጉም ነው ቃሉን ቀይሮ ከጉድ ያወጣን። አጎቴ የአብዮቱ ዘመን ተማሪ ነበር፤ ማኒፌስቶውን በቃሉ ይወጣዋል። ይህን ስነግረው ዝም አለ። ከዚያ «እና እኛ ያን ሁሉ ሰልፍ የወጣነው ለካልሲ ሌባ ነው?» አለኝ። ነገሩን ሲያስበው ግን ፈገግ አለ። ያለ ደሞዝ ሌሊት የወቃ፣ ክፍያው ሲያንስ ሥራ ያቆመ ላብ አደር ነህ። እኔ ደግሞ ሳላስበው ቡርዧ ሆኜ አረፍኩት።

ከዚያ ቁመት ተጨመረልህ። «ሆቢት» የተባለውን ልብ ወለድ በ1937 ያሳተመው ደራሲ ቶልኪን፣ ሆብጎብሊን የትላልቆቹ ጎብሊኖች ስም ነው ብሎ ጻፈ። ኋላ ላይ በአንድ ደብዳቤው የጥንቱ ተረት የሚለው የዚህን ተቃራኒ መሆኑን አመነ። ማስተካከያውን ማን ሰማ! ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለው የምናብ ጨዋታ በ1974 ሲወጣ አንተ ከጎብሊን የገዘፍክ ሆነህ ገባህ። አሁን የጦር ሠራዊት አለህ። ጥሩር ለብሰህ፣ ተሰልፈህ፣ ትእዛዝ አክብረህ ትዋጋለህ። በጨዋታው የ2014 ሕትመት የመከላከያ ቁጥርህ 18 ነው፣ የሕይወት ነጥብህ ግን 11 ብቻ። ይሄኛው ትንሽ አጽናንቶኛል። ሸረሪት ሰው (ስፓይደርማን) የሥዕል መጽሔት ላይ በ1983 የመጣኸውን፣ ካባ ለብሰህ የምትበረውን አንተን ደግሞ አልነካካህም፤ ወንጀለኛ መሆንህን ቢያንስ አልደበቁትም።

የእህቴ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቹ ጋር ይህን ዳንጀንስ የሚሉትን ጨዋታ ይጫወታል። ስላንተ አማከርኩት። «አጎቴ፣ ሆብጎብሊን ካልሲ አይሰርቅም፣ ከተማ ነው የሚወርረው» ብሎ ናቀኝ። ዲሲፕሊን አለው፣ ሰልፍ ያውቃል አለኝ። ሰልፍ የሚያውቅ ፍጡር ሁለት ካልሲ ጎን ለጎን ማስቀመጥ እንዴት ያቅተዋል?

ያም ሆነ ይህ፣ በሃርት ሆል የሠራው እኔም ቤት ይሠራል ብዬ ሞከርኩ። ምድጃ ስለሌለኝ ማሞቂያው ላይ ልብስ አስቀመጥኩልህ። ከአንድ ስብሰባ በነጻ የተሰጠኝ ቲሸርት ነው። ሆን ብዬ ሻካራውን መረጥኩ። መቀነት ስለሌለኝ ቀበቶዬን ጨመርኩበት። ጠዋት ብነሳ ቲሸርቱ እንደታጠፈ ተቀምጧል። ቀበቶው የለም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በአንድ እጄ ነው፤ በሌላው ሱሪዬን ይዣለሁ።

ስለዚህ ወሰንኩ። የወሩ መጨረሻ ላይ ቤቱን እለቃለሁ።

የአንዱን ዘመድህን ታሪክ ሳላነብ አይደለም። ቦጋርት የሚሉት ነው። ገበሬው መረረውና ዕቃውን ጋሪ ላይ ጭኖ ከቤቱ ወጣ። ጎረቤቱ መንገድ ላይ አግኝቶት «ለቀቅክ እንዴ?» ቢለው፣ ከመናጫው ውስጥ አንድ ድምፅ «አዎ፣ እየለቀቅን ነው» ብሎ መለሰለት። ገበሬው ጋሪውን አዙሮ ተመለሰ። እኔ አልመለስም፤ ቅድሚያ ክፍያውን ከፍያለሁ።

ትናንት ማታ ካርቶኖቹን አሸግኩ። ስጨርስ ቡና አማረኝና ጀበናዬን የያዘውን ፈታሁት። ጀበናው ሲነሳ ውስጡ ተንኳኳ። ገልብጬ አራገፍኩት። አምና የጠፋው የደብዳቤ ሳጥኔ ቁልፍ ወደቀ።

ገባኝ። መኪናው ቅዳሜ በሦስት ሰዓት ይመጣል። የምትመጣ ከሆነ ካልሲዎቹንም ይዘህ ና።

ከሰላምታ ጋር፣
ተከራዩ

ግልባጭ፦ ለእናቴ፣ አዲስ አበባ (ዕጣኑ አልቋል)