የዘበኛ ሚስጥር

የንግድ ውድድርን የሚጠብቀው የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በሴፕቴምበር 2025 እጁን ሰጠ። «ከእኔ ስትወጣ ተወዳዳሪዬ ጋ አትቀጠርም» የሚሉ የሥራ ውሎችን የሚከለክለውን የ2024 ደንቡን ዳላስ ያለች ዳኛ ሥራ ላይ ሳይውል አግዳው ነበር። ኮሚሽኑ ይግባኙን በ3 ለ1 ድምፅ ተወው። ከእንግዲህ ድርጅቶቹን አንድ በአንድ እከሳለሁ ይላል።

አንድ በአንድ! በዚህ ውል የታሰረው ሠራተኛ 30 ሚሊዮን ያህል ነው ያለው ራሱ ኮሚሽኑ ነው። በዚያው ሰሞን የከሰሰው የሞቱ ውሾችና ድመቶች የሚያቃጥል ድርጅት ነው። ሠራተኞቹ 1,800 ገደማ ናቸው። እሰየው። በዚህ አካሄድ ግን ሌላው ተራው ሳይደርሰው ጡረታ ይወጣል።

አሠሪዎች «የንግድ ሚስጥራችን እንዳይወጣ ነው» ይላሉ። የቱ ሚስጥር? ኮሚሽኑ በ2023 የያዘውን የሚሺጋን የጥበቃ ድርጅት ውል ልብ በሉ። ከዝቅተኛው ደመወዝ ብዙም የማይርቅ የሚከፈለው ዘበኛ ሥራውን ቢለቅ ለ2 ዓመት በ100 ማይል ዙሪያ ሌላ የጥበቃ ድርጅት መግባት አይችልም ነበር። ከገባ ቅጣቱ 100,000 ዶላር! ሌሊቱን በር ላይ ቆሞ ማደር ነው ሚስጥሩ? ዲሲ አካባቢ ሰኩሪቲ የሚሠራው ሐበሻ ስንት ነው? ከዲሲ 100 ማይል ለኩና ባልቲሞርን አልፋችሁ ሂዱ። ለ2 ዶላር ጭማሪ ቤቱን ለቆ፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት አስወጥቶ ማን ይሰደዳል? አይሄድም። አለቃውም እንደማይሄድ ያውቃል። ደመወዝ የማይጨመረውም ለዚህ ነው።

ዳቦ ቤቶች ተማክረው ዋጋ ቢሰቅሉ ወንጀል ነው እንላለን። ጉልበትም ይሸጣል። ሻጩ ሌላ ገዢ ጋ እንዳይሄድ ሲታሰር ግን «የውል ነፃነት» ይሆናል። ፈርሞ የለም ወይ? ፈርሟል። የቤት ኪራይ የደረሰበት ሰው የማይፈርመው ምን አለ?

እውነተኛ ሚስጥር ይዞ የሚወጣ ሰው አይጠፋም። እሱን የሚይዝ የንግድ ሚስጥር ሕግ አለ። ካሊፎርኒያ እንዲህ ያለውን ውል ከ1872 ጀምሮ አትቀበልም፤ አፕልና ጉግል የበቀሉት እዚያው ነው። እነሱም አንዱ የሌላውን ሠራተኛ ላለመጥራት ተስማምተው ኖሮ፣ በ2010 የፍትሕ ሚኒስቴር በውድድር ሕግ ያዛቸው። መሐንዲሶቹም ጠበቃ ገዝተው ከአፕል፣ ከጉግል፣ ከኢንቴልና ከአዶቤ 415 ሚሊዮን ዶላር ተቀበሉ። ዘበኛው ጠበቃ የሚገዛበት የለውም። የነበረው ኮሚሽኑ ነበር።