ከተርኪ ጅራት ጀርባ መዳህ ይቅር

አገር ቤት ንቁ ሰው «ቆቅ ነው» ይባላል። ቨርጂኒያ ገብቼ የዱር ተርኪ፣ ያን ከዶሮ የሚተልቅ የአሜሪካ ወፍ፣ ማደን ስጀምር ቆቅንም የሚያስንቅ ወፍ እንዳለ ገባኝ። አፍንጫው እምብዛም ነው። ዓይኑ ግን ጉድ ነው፤ ሜዳ ላይ ጣትህን ብታንቀሳቅስ ያይሃል።

የፕላስቲክ ተርኪ የሚተከለውም ለዚህ ነው። በጸደይ አውራው ሴት ፍለጋ ላይ ነው። የሴት ድምፅ አስመስለህ ስትጠራው ይመጣና ሜዳው ዳር ቆሞ ይቃኛል። የጠራችውን ካላያት ብዙ ጊዜ አይጠጋም።

እኔ መጀመሪያ የገዛሁት ላባውን ነፍቶ ጅራቱን የዘረጋ ግዙፍ አውራ ነበር። ከንቱ ወጪ! በትልልቆቹ ተደብድበው የሚያውቁት የሁለት ዓመት ወንዶች ገና ከሩቅ ሲያዩት ወደ ጫካቸው ይመለሱ ነበር። አሁን የምይዘው አንዲት ሴትና አንድ ጎረምሳ ብቻ ነው። ከተቀመጥኩበት 18 ሜትር ያህል ላይ እተክላቸዋለሁ። የጎረምሳውን ፊት ወደ እኔ አዞረዋለሁ። አውራው ለጠብ ሲመጣ ፊት ለፊት ነው የሚገጥመው፤ ስለዚህ ጀርባውን ለእኔ ይሰጣል። ጅራቱን ሲዘረጋ ደግሞ እኔን እንዳያይ ራሱ ጅራቱ ይጋርደዋል። ጠመንጃዬን የማነሳው ያኔ ነው።

ያስቸገረኝ ሌላው ዘዴ ነው። እውነተኛ የተርኪ ጅራት ወይም ፕላስቲኩን ፊት ለፊት ይዞ፣ ከጀርባው በደረት እየተሳቡ ሜዳውን ማቋረጥ። አውራው ተቀናቃኝ መጣብኝ ብሎ ራሱ ሮጦ ይመጣል። ቪዲዮው ያምራል፤ ወጣቶቹም ወደውታል።

ግን እስቲ አስቡት። በዚህ ወቅት ሁላችንም ከራስ እስከ እግር ቅጠልያ ለብሰን ነው የምንወጣው። ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ አንለብስም፤ የአውራው ራስ ቀለም ስለሆነ ሌላ አዳኝ እንዳይሳሳት። ጀርባችንን ከትከሻችን የሰፋ ዛፍ ላይ አስደግፈን እንቀመጣለን። ለካልሲ ቀለም የሚጠነቀቅ ሰው እንዴት ሙሉ ጅራት ይዞ ሜዳ ላይ ይድሃል? ከማዶ ያለው አዳኝ የሚያየው ጅራቱን ብቻ ነው።

«ምዕራብ አሜሪካ ሜዳ ላይ ዛፍ የለም፣ ምን እናድርግ?» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። የአደን ድንኳን አለ። የሚገርመው፣ ጣት የምታስደነግጠው ወፍ ድንኳን ሜዳ መሀል ቢተከል ብዙ ጊዜ ከጉዳይም አይቆጥረውም። «የግል መሬት ነው፣ ሌላ ሰው አይገባም» ላሉኝ ደግሞ፦ አጥር ዘሎ የሚገባ ሰው አስፈቅዶ አይመጣም።

በሕግ ማገድ አዲስ ነገር አይደለም። ፔንስልቬኒያ በጸደይ ተርኪን ጠርተህ እንድታድን እንጂ አድብተህ እንድትቀርበው አትፈቅድም። አላባማ ደግሞ ከ2022 ጀምሮ በአደን ወቅቱ የመጀመሪያ 10 ቀናት የፕላስቲክ ተርኪ መትከልን ከልክላለች፤ አውራዎቹ ከመገደላቸው በፊት ዘር እንዲተኩ። የእሷን ያህል መሄድ ላያስፈልግ ይችላል። መዳሁ ግን፣ ቢያንስ ብዙ ሰው በሚያድንበት የመንግሥት መሬት ላይ፣ በየግዛቱ ይታገድ ባይ ነኝ።

እስከዚያው እኔ ዛፌ ሥር ነኝ። ወቅቱ ብዙ ጊዜ ሁዳዴ ላይ ስለሚከፈት ያገኘሁት ሁሉ ፍሪዘር ገብቶ ፋሲካን ይጠብቃል። እግሩን ግን ለዶሮ ወጥ አትመኙት፤ ሽንኩርቱ ያልቃል እንጂ ሥጋው አይበስልም።